የሳዮ ኦሪቤ ፊት

ቶኩጂ ኩዋባራ ካሜራ የያዘው ፊልም ገና ድምፅ ሳያወጣ ነው፤ እንግዲህ ዕድሜውን እናንተው ገምቱ። በኪዮቶ ስቱዲዮዎች ስሙን ያስጠራው ግን አንድ ቁራጭ ስስ ሐር ነው። ሐሩን ከሌንሱ ፊት ሲወጥረው የተዋናይቷ የሳዮ ኦሪቤ ፊት ላይ መጨማደድ የሚባል ነገር ድራሹ ይጠፋል። ይህን ያየ ካሜራማን ሁሉ ሐር ሲሸምት ከረመ። ቶኩጂ ሚስት አላገባም፤ ለምን ሲሉት «ብርሃን ሳሳድድ መቼ ጊዜ አገኘሁና» ይላል።

ዘንድሮ ሳዮ ሃምሳን አልፋለች። ልጇን የቀበረች አሮጊት ሆና እንድትሠራ ተመረጠች፤ ዕድሜ ልኳን የተመኘችው ሚና ነው። በመጀመሪያው ቀን የተቀረጸው ፊልም ታጥቦ መጥቶ ማሳያ ክፍል ውስጥ ሲታይ ግን አዘጋጁ ኑማታ ራሱን ያዘ።

«ጋሼ ቶኩጂ፣ ይቺ የሟቹ እናት ናት ወይስ እጮኛው?»

«ሐሩን ማንሳት ረስቼ ነው» አለ ቶኩጂ።

ረስቶ! እሱን ለሞኝ ይንገር። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

«ነገም እንዲህ ከሆነ ሌላ ተዋናይት ልጠራ ነው» አለ ኑማታ፣ ሳዮን ማየት አፍሮ።

ሳዮ ቶኩጂን በር ላይ ጠብቃ ያዘችው። «አንተ ሰውዬ፣ ምን በደልኩህ?»

«ሰው እንዳይስቅብሽ ፈርቼ ነው።»

«የሚስቅብኝማ በዚህ ዕድሜዬ ስሽኮረመም ሲያየኝ ነው። ተወኝ፣ በገዛ ፊቴ ላርጅበት።»

በማግስቱ ቶኩጂ ሐሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ። መብራቱንም ከጎን አደረገው፤ አንዲት የፊቷ መስመር እንኳ እንዳትደበቅ። ሳዮ ለሞተው ልጇ መታሰቢያ ከቆመው መሠዊያ ፊት የሩዝ ሳህን አስቀመጠች። ቶኩጂ እስከ መጨረሻው ቀረጻት።

ያ ፊልም ማሳያ ክፍሉ ውስጥ ታየ። ኑማታ አፍንጫውን ተናፈጠ። ሚናው የሳዮ መሆኑን ለመናገር ሌላ ቃል አላስፈለገውም። እሷ ግን የራሷን ፊት አፍጥጣ ስታይ ቆየችና ወደ ቶኩጂ ጠጋ አለች።

«ሐሩ ሳይኖር፣ ሻይ ስንጠጣ፣ ስናወራ፣ ስታየኝ የኖርከው ይህን ፊት ነው?»

«ይህንኑ ነው።»

«ታዲያ ምን አስጠልቶህ ሸፈንከው?»

ቶኩጂ አንገቱን ደፋ። «አስጠልቶኝ አይደለም። ለሌላ ሰው ማሳየት ሳስቼ ነው።»

 ኑማታ መብራት ሊያበራ ሲነሳ ሳዮ «ቆይ፣ ትንሽ አታብራ» አለችው።