ለጀማሪዎች የሚለው ፓኬት

ዶሬን የፈለገችው እንቅልፍ ነበር። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ጀርመን አገር፣ ላይፕዚሽ ውስጥ ትራም የሚሉትን የከተማ ባቡር ትነዳለች። የማለዳው ፈረቃ የሷ ነው። ከሰዓት ገብታ ጋደም ስትል ዓይኗ ፍጥጥ ይላል። ሳሎን ውስጥ ደግሞ አባቷ ቴሌቪዥኑን እስከ ጥግ ከፍቶ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ዒላማ የሚተኩሱ ሰዎችን ያያል። ኤግበርት ይባላል፣ ሰባ አምስት ዓመቱ ነው። ጥቅምት ላይ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ እሷ ጋ ነው። "ለሁለት ሳምንት" ብሎ ነበር የመጣው። አሁን የካቲት ነው።

ሕጉ ለአንድ አዋቂ ሰው ሶስት እግር ካናቢስ ቤቱ ውስጥ ማብቀል ፈቅዷል። አንድ የሥራ ባልደረባዋ ከሥራ በኋላ ትንሽ አጭሶ እንደ ድንጋይ እንደሚተኛ ሲነግራት ሶስት ፍሬ ዘር አዘዘች። ዕቃ ቤቷን ባዶ አድርጋ ትንሽ ድንኳን ተከለችበት፤ መብራት፣ ማራገቢያ፣ ሽታ የሚይዝ የከሰል ማጣሪያ። ዘሩ በራሷ ጊዜ የምታብብ የሚሏት ናት። ሌላው ዓይነት ለማበብ መብራት እስኪቀነስለት ይጠብቃል። ይቺ ማንንም አትጠብቅም፤ ከበቀለችበት ቀን ጀምሮ ራሷ ትቆጥራለች፣ በሰባ ምናምን ቀን አበቃ። ፓኬቱ ላይ በትልቁ "ለጀማሪዎች" ይላል።

"ለማን ነው የሚለው?" አለ አባቷ ፓኬቱን ከሩቅ ይዞ።

"ለጀማሪዎች።"

"ሠላሳ ስምንት ዓመት ቲማቲም ያበቀለ ሰው ያለበት ቤት ለጀማሪ የሚል ነገር ይገባል?"

"ቤቱ የኔ ነው አባዬ። ተክሉም የኔ ነው።"

"አንቺማ ቁልቋል ገድለሻል" አለና ፓኬቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

እውነት ነው፣ ገድላለች።

እሱ ከተማው ዳር ከአትክልተኞች ማኅበር የተከራየው ጓሮ ነበረው፤ የአጥሩ ቁመት ሳይቀር በማኅበሩ ደንብ የሚለካበት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁዱን እዚያ አሳለፈ። ኅዳር ላይ በዳሌው ምክንያት ጓሮውን አስረከበ። ቁልፉን በፖስታ አድርጋ የላከችው ዶሬን ናት። ከዚያ ወዲህ ከሶፋው አይነሳም። አካሉን የሚያፍታታለት ባለሙያ በሳምንት ሁለቴ እየመጣ "አቶ ሽትሩበ፣ እስቲ ዛሬ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ብቻ" ይለዋል። ሳጥኑ ምድር ቤት ነው፣ እነሱ ሁለተኛ ፎቅ። "ነገ" ይላል አባቷ። አራት ወር ሙሉ ነገ።

ዘሮቹ በቀሉ። ዶሬን ጠዋት አጠጣች፣ ከሰዓት አጠጣች።

"አሰመጥሻቸው" አለ አባቷ ከሶፋው።

"አላየሃቸውም እኮ!"

"ቧንቧው ሲንፏፏ እሰማለሁ።"

ቅጠላቸው ቢጫ ሆነና ተንጠለጠለ። ውሃውን ስትቀንስ ቀና አሉ። ልክ መሆኑ ይበልጥ አናደዳት።

ቀጥሎ የመስኮቱ ነገር መጣ። ኤግበርት ጠዋትና ማታ የቤቱን መስኮት ሁሉ አስር አስር ደቂቃ ወለል አድርጎ ይከፍታል። ለዚህ ሲሆን ዳሌው አያመውም። አንድ ቀን ስትገባ የዕቃ ቤቱም መስኮት ተከፍቷል፣ የድንኳኑም ዚፕ ተከፍቷል፣ ሶስቱ ችግኞች ቅጠላቸውን እንደ ጃንጥላ አጥፈው ቆመዋል።

"ዝጋው! ውጪው ከዜሮ በታች ስድስት ነው!"

"አየር ነው።"

"ይሞታሉ አባዬ!"

"ሻጋታ ይሻልሻል? አየር ያልገባበት ቤት ሻጋታ ያወጣል። እናትሽን ጠይቂ እልሽ ነበር፣ ምን ያደርጋል፣ የለችም።"

በዚህ አገር ሰው ሃይማኖቱን ይተዋል፣ መስኮት መክፈቱን ግን አይተውም። ዶሬን ዕቃ ቤቱ በር ላይ "አትግባ" ብላ ጽፋ ለጠፈች። አባቷ አየውና "አራት ነጥብ የለውም" አለ።

ሰኞ ደብዳቤ መጣ። ታኅሣሥ ላይ ያመለከተችበት የአረጋውያን ቤት አንድ ክፍል ተለቋል ይላል። እስከ አርብ እኩለ ቀን መልስ ካልሰጠች ለቀጣዩ ተመዝጋቢ ይተላለፋል። ዶሬን ቆማ አነበበችው። መልሱን ታውቀዋለች። ደረጃ አይወጣም፣ አይወርድም፣ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ነው፣ እሷ አትተኛም። አዎ ነው መልሱ። ለሱ መንገሩ ነው የቀረው። ደብዳቤውን ገልብጣ ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ሰካችው። ሰኞ አልነገረችውም። ማክሰኞ በቴሌቪዥን የሚያየው ውድድር ነበረው። ረቡዕ እሷ ደከማት።

ሐሙስ ከሰዓት ስትገባ ሽታው ደረጃው ላይ ተቀበላት። አንደኛ ፎቅ ያሉት ወይዘሮ ቲትከ በራቸው ላይ ቆመዋል፣ አፍንጫቸውን በሹራባቸው ጫፍ ይዘው።

ዶሬን ቀደም አለች። "ወይዘሮ ቲትከ፣ ሕጉ ይፈቅዳል። ሶስት እግር ብቻ ነው፣ ማጣሪያም አለው።"

"ጋንጃውን ነው የሚሉኝ? እሱንማ ከጥር ጀምሮ አውቃለሁ፣ ምን ቸገረኝ። ይሄ ሌላ ነው። ይሄ የሞተ ነገር ነው። አባትዎን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋቸው መቼ ነው?"

"ጠዋት።"

"በሕይወት ነበሩ?"

"ሲያጉረመርም ነበር።"

"እንግዲያው ይውጡና ይዩ" አሉ ወይዘሮ ቲትከ፣ በሩንም ዘጉ።

ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ወጣች። ሶፋው ባዶ ነው። ቴሌቪዥኑ ለራሱ ይተኩሳል። አባቷ ዕቃ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ምርኩዙ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ ድንኳኑ ተከፍቷል። ከመብራቱ ሥር አንድ ባልዲ አለ። ሽታው ከሱ ነው።

"ምንድነው እሱ?"

"የሳማ ውሃ። ደረቅ ሳማ ዘፍዝፈሽ እስኪቦካ ትተይዋለሽ። ከዚህ የተሻለ ማዳበሪያ የለም። ሙቀት ስለሚወድ ዛሬ ወደዚህ አመጣሁት።"

ከዚያ ተክሎቹን አየች። ሶስተኛዋ እንዳለች ናት፣ ቁጥቋጦ መስላ። ሁለቱ ግን ቀጥ ያለ ግንድና ትላልቅ ቅጠል ብቻ ቀርቷቸዋል። በየቅጠሉ ብብት የወጣው ቀንበጥ ሁሉ የለም። ወለሉ ላይ በጋዜጣ ተደርድሯል፣ በመጠን በመጠኑ። የአባቷ አውራ ጣት አረንጓዴ ሆኗል።

"ምን አደረግህ?"

"ቀነጠስኩት። የብብቱ ቀንበጥ ጉልበት ይበላል። ካልቀነጠስሽው ቅጠል ብቻ ነው የምታገኚው፣ ፍሬ የለም።"

"ይሄ ቲማቲም አይደለም!"

"ተክል ተክል ነው።"

"አይደለም! አበባው የሚወጣው እሱ ላይ ነው! የቀነጠስከው እኮ ፍሬውን ነው!"

"መልሳ ታወጣለች። ሁለት ሳምንት ስጫት።"

"ሁለት ሳምንት የላትም! ይቺ ቀን ትቆጥራለች አባዬ። አንተ ቆረጥክም አልቆረጥክም በሰባ አምስት ቀኗ ታበቃለች። ቁስሏ እስኪድን አትጠብቅም። ትንሽ ሆና ከቆየች ትንሽ ሆና ነው የምታብበው። በቃ!"

አባቷ ወደ ተክሎቹ ጎንበስ አለ። አንዷን የተቀነጠሰች በጣቱ ቀና አደረጋት።

"ስንት ቀኗ ነው?"

"ሃያ ስድስት።"

"ማን ነገረሽ ይሄን ሁሉ?"

"ፓኬቱ! ፓኬቱ ላይ ተጽፏል!"

"ለጀማሪዎች ነዋ የሚለው" አለ። "አላነበብኩትም።"

ዶሬን ግድግዳውን ተደገፈች። አንድ ነገር ብቻ ነበር የራሷ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ድንኳን። ከአፏ አመለጣት፦

"ነገ እደውልላቸዋለሁ። ሰማህ? ክፍል ተገኝቷል፣ ትገባለህ፣ በቃኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

"ደብዳቤውን። ገልብጠሽ ሰካሽው። እዚህ ቤት ወረቀት ተገልብጦ ተሰክቶ አያውቅም። ሰኞ ማታ አነበብኩት።" ምርኩዙን ሳበ፣ ግን አልተነሳም። "ለዚህ እኮ ነው የቀነጠስኩት። ቲማቲም ቶሎ እንዲቀላ ትፈልጊያለሽ? ቀንጥሰሽ ሳማ ታጠጪዋለሽ። ሳልሄድ ይድረስልሽ ብዬ ነው። ልጅቷ አትተኛም ብዬ።"

ዶሬን ያልተነካችውን ተክል አየች።

"ሶስተኛዋን ለምን ተውካት ታዲያ?"

"ማነጻጸሪያ ናታ። ሁልጊዜ አንድ ሳትነኪ ትተያለሽ። አለዚያ ምን እንደሠራሽ በምን ታውቂያለሽ?" ከኪሱ ደብተር አወጣ። ቀን፣ ቁመት፣ የቅጠል ብዛት፣ ለሶስቱም። ከበቀሉበት ቀን ጀምሮ። "አትግባ" የሚለው ከተለጠፈ በኋላ አንድ ቀን አልዘለለም።

እሷ ደብተሩን አይታ ባልዲውን አየች።

"ሳማው ከየት መጣ?"

"ከሎታር።" ሎታር የጓሮ ጎረቤቱ ነበር። "ሁልጊዜ አድርቆ ያስቀምጣል።"

"ሎታር አመጣልህ?"

"ሎታር ምን ያመጣል፣ መኪናውን ሸጧል። ማክሰኞ ሄጄ ነው።"

"የት ሄደህ?"

"ጓሮው ጋ።"

"በምን?"

"በትራም ነዋ። በናንተው። ሹፌራችሁ ፍሬን አያያዝ አያውቅም፣ ሁለት ጊዜ ሰው ላይ ወደቅሁ።"

"ደረጃውስ?"

"ሠላሳ አራት ነው። ሲወጡት ሠላሳ አራት፣ ሲወርዱትም ሠላሳ አራት። ከረጢቱን አንገቴ ላይ አሰርኩት።"

"አራት ወር!" ብላ ጮኸች። "አራት ወር ሙሉ ሰውዬው እስከ ፖስታ ሳጥን ብሎ ለመነህ!"

"ፖስታ ሳጥን ውስጥ ምን አለ? ደብዳቤ ነው ያለው።" ደብተሩን ኪሱ ከተተና "እዚያ የአረጋውያኑ ቤት ድንኳን ይፈቅዳሉ?" አለ።

"አይፈቅዱም።"

"ቲማቲምስ?"

"መስኮት ላይ አንድ የአበባ ማሰሮ ይላል ደንቡ።"

"አንድ?"

"አንድ።"

አሰበበት። "አንድ ከሆነማ ማነጻጸሪያ የለም" አለ።

ባልዲውን እሷ ወስዳ ሽንት ቤት ደፋችው። ሁለት ቀን ሸተተ።

አርብ ረፋድ፣ የትራሙ መጨረሻ ጣቢያ ላይ ስምንት ደቂቃ እረፍት ነበራት። ደወለች። ያነሳችው ሴትዮ ፋይሉን አወጣች።

"አባትዎ ደረጃ አይወጡም ብለው ነው የሞሉት።"

"አይወጣም ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁን ከረጢት አንገቱ ላይ አስሮ ይወጣል።"

ሴትዮዋ ፋይሉን አገላበጠች። "ወይዘሮ ሽትሩበ፣ ቦታው አይጠብቅም። ዛሬ እምቢ ካሉ ከዝርዝሩ መጨረሻ ነው የሚጀምሩት።"

"ገብቶኛል። ለሚቀጥለው ሰው ስጡት።"

ስልኩን እንደዘጋች ተናደደች። በማን እንደሆነ አላወቀችም። ሁለት ደቂቃ ዘግይታ ተነሳች፣ ፍሬኑንም ከወትሮው ለስለስ አድርጋ ያዘች።

ቤት ስትገባ ፖስታ ሳጥኑ ባዶ ነው። ጋዜጣው ቀድሞ ፎቅ ወጥቷል፣ አባቷ እጅ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ይተኩሳል። ጃኬቷን ሳታወልቅ ፊቱ ቆመች።

"አትሄድም። ግን ሶስት ነገር። አንድ፣ ሳማ የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይገባም። ሁለት፣ ድንኳኑ ክፍት ሆኖ መስኮት አይከፈትም። ሶስት፣ ፓኬቱን ታነበዋለህ። ከላይ እስከ ታች። እየሰማሁ።"

"ስለ መስኮቱ እንነጋገርበታለን።"

"አንነጋገርም። አንብብ።"

ሶፋው ላይ እግሩ ሥር ተዘረጋች፣ ከነጫማዋ። እሱ መነጽሩን አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "ለጀማሪዎች" የሚለውን ጥርሱን ነክሶ አለፈው። የአስመጪውን አድራሻ አነበበ። የሙቀቱን ልክ አነበበ፣ "እዚህ ጋ ተሳስተዋል" አለ፣ ቀጠለ። ስለ ውሃ ያለውን ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ለሷ ብሎ። ከዚያ ቆመ።

"'ቅርንጫፍ አይቆረጥ፣ አይቀንጠስ'" አለ ቀስ ብሎ። "በደማቁ ነው የጻፉት።"

"አዎ።"

"ያለ መነጽርም ይታያል።"

"ይታያል አባዬ። ቀጥል።"

ቴሌቪዥኑ ድርግም ሲል ሰማች። ከጥቅምት ወዲህ በቀን ሲጠፋ የመጀመሪያው ነው። አባቷ "ፀሐይ በማያገኘው ደረቅ ቦታ..." ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማችም።