ወደ አዲሱ ያልተሻገሩት መስመሮች

ሂካ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከጎባ ወደ ሮቤ ሲወርድ፣ የሚኒባሱ ሰው የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀው።

«ዕቃው ወንበር ይዟል፣ አባቴ።»

ሂካ ከፈለ። ከፈለ እንጂ አልረሳም። እሱ በደል ይረሳል ብሎ የሚያስብ ካለ ሂካን አያውቀውም ማለት ነው። ከስምንተኛ ክፍል ያስወጡት ቀን አባቱ የለበሱት ካፖርት ስንት ቁልፍ እንደነበረው ዛሬም ይነግርሃል። «ከሁለት አንዱ ይማር፣ አንዱ ላሞቹን ይይዛል» ተባለ። የምትማረው በሦስት ዓመት የምታንሰው እህቱ ሶረቲ ሆነች፤ ላሞቹ ለሱ ቀሩ። ሶረቲ መምህርት ሆና ቆላ ወርዳ ብድሬ ገባች። እሱ ጎባ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ረዳት ሆኖ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆየ። የኮምፒውተር ሥልጠና ሲመጣ ትናንት የተቀጠሩትን ላኩና እሱን «አንተ ቁልፉን ጠብቅ» አሉት።

ኮምፒውተሩንም የገዛው በዚሁ እልህ ነው። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲያወጣ ሰው ሁሉ ወንበርና ቁም ሣጥን ሲሻማ፣ ሂካ ሣጥኑን ተሸክሞ ቤቱ ገባ። ውስጡ የቤት ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ፕሮግራም ተትቶ ተገኘ። ማንም ሳያሳየው፣ በሁለት ጣት እየለቀመ ለመደው። ከ2002 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ እናቱ ወይዘሮ እኅተማርያም እስካረፉበት እስከ ባለፈው ዓመት ግንቦት ድረስ ያልጻፈው የለም። መድኃኒት፣ የጋሪ ኪራይ፣ ማገዶ፣ ለምርመራ የሄደውን የሽንት ዕቃ ሳይቀር። ሰፈሩ ይስቅበት ነበር፤ ግን የዕድር ሒሳብ ሲያከራክር «ሂካ ጽፎት ይሆናል» ብለው በሩን የሚያንኳኩት እነዚያው የሚስቁት ነበሩ።

አሁን ሮቤ የሚያስወርደው ጎባ ያለው የእናቱ ቤት ጉዳይ ነው። ወይዘሮ እኅተማርያም ሊያርፉ ሲሉ ሽማግሌዎቹን አስጠርተው «ቤቴን ልጆቼ እንደጦሩኝ መጠን ይካፈሉት» አሉ። አራት ክፍል ከፊት፣ ሁለት ክፍል ከኋላ። ሶረቲ ጡረታዋ ደርሷል፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብድሬ ላይ ብቻዋን ናት፤ ቆላው ለጤናዋ አልሆነም፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ጎባ ነው። «የኋላዎቹን ሁለት ክፍሎች ብቻ» አለች። ብቻ! ሂካ ይህን «ብቻ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ለትምህርቷም «ሁለት ላም ብቻ ይሸጥላት» ተብሎ ነበር የተጀመረው።

ሽማግሌዎቹ ለእሑድ ቀጠሩ። «መዝገብህን በወረቀት አምጣ» አሉት። የሱ ማሽን ደግሞ ከማንኛውም ማተሚያ ጋር መነጋገር ትቷል፤ ማያ ገጹም እየበራ ይጠፋል።

ሮቤ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ዙሀይራ የምትባል የሁለት ልጆች እናት የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አላት። ሣጥኑን ስታይ እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች።

«ያ ረቢ! ጋሼ፣ ይሄንን ከየት ቆፍረው አወጡት?»

«ይሠራል» አለ ሂካ ኮስተር ብሎ።

«እንዴታ፣ ይሠራል። አያቴም ይሠራሉ፣ ግን ሮጠው ሚኒባስ አይዙም።» ሳቀች። ሂካ አልሳቀም።

ፋይሉን ቀድታ በራሷ ላፕቶፕ ላይ ባለው በአዲሱ የፕሮግራሙ ዓይነት ልትከፍተው ሞከረች። እንቢ አለ። የአሮጌውን ፋይል ጭራሽ እንደማያውቀው ነገራቸው። ሂካ በማግስቱ ተመለሰ፤ አሁንም እንቢ። በሦስተኛው ቀን ዙሀይራ ነገሩን ደርሳበት ጠበቀችው።

«አሮጌው በቀጥታ ወደ አዲሱ አይሄድም፣ ጋሼ። መሐል ላይ ሌላ ዓይነት አለ። መጀመሪያ ወደ መሐለኛው፣ ከዚያ ወደ አዲሱ። መሐለኛውን አዲስ አበባ ያለ ወንድሜ በስንት መከራ አግኝቶ ላከልኝ።»

ሂካ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ማሽኑ ሲያስብ፣ ሲያስብ ቆየና ቁጥሮቹ እንደ ጎርፍ ይወርዱ ጀመር። የእናቱ የስኳር መድኃኒት። የታኅሣሥ ማገዶ። የ2009 የጣሪያ ቆርቆሮ። አሥራ አምስት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜው ነው በሰው ሱቅ ውስጥ የሚያልፈው።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ዙሀይራ። ወዲያው ግን ግንባሯን ቋጠረች። «ቆይ ቆይ። ስልሳ አንድ መስመር አልተሻገረም ይላል።»

«ለምን?»

«ቀናቸው ልክ አይደለም እያለ ነው።» ዝርዝሩን አየችና በሳቅ ፈነዳች። «ጋሼ! አሥራ ሦስተኛ ወር ብለው ጽፈዋል እኮ!»

«ጳጉሜ ነዋ! ጳጉሜ ስንተኛ ወር ናት?»

«ለእኛ ናት። ለፈረንጁ ማሽን አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም። ጥቅምት ሠላሳም ይኸው ተጥሏል፤ ሁለተኛው ወር ለነሱ ሃያ ስምንት፣ ቢበዛ ሃያ ዘጠኝ ቀን ነው። አሮጌው ያገኘውን ሁሉ እየዋጠ ዝም ብሎዎታል። አዲሱ ቆጣሪ ነው፣ ይተፋል።» እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ማን አስተማረዎት፣ በሞቴ? አንድ የተማረ ሰው ቢጠይቁ እኮ ይነግርዎት ነበር።»

አንድ የተማረ ሰው። ዙሀይራ ክፉ አልነበረችም፤ አፏ ነው የቀደማት። ሂካ ግን ፊቱ ደም ለበሰ።

ያልተሻገሩትን መስመሮች አያቸው። የጥቅምት ሠላሳዎቹ የራሱ ነበሩ፤ ጨው፣ ሳሙና፣ አንድ ጊዜ ጫማ። የጳጉሜዎቹ ግን አብዛኞቹ ወጪ አልነበሩም። «ከሶረቲ የተቀበልኩ» ይላሉ። ሶረቲ በየዓመቱ ትምህርት ሳይከፈት፣ በጳጉሜ ውስጥ፣ ከብድሬ ትመጣ ነበር። ባንክ አትልክም። ባሏ ከብት ነጋዴ ስለነበር ከሸጠው ላይ ታመጣና በእናቷ ፊት በሂካ እጅ ትቆጥርለት ነበር። አሥራ አራት ጳጉሜ። መጀመሪያ ሦስት ሺህ፣ መጨረሻ ላይ ሃያ ሺህ። ሂካ በልቡ ደመረው፤ መቶ ሠላሳ ሁለት ሺህ ብር። አዲሱ ፕሮግራም ለእናታቸው የወጣ ብሎ ከታች የደመረው ደግሞ ሁለት መቶ ሰባ አንድ ሺህ ነው። ግማሽ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። አዲሱ ማሽን ግን አንዷንም ሳንቲም አላያትም። በሱ ቤት ሶረቲ የምትባል ሰው የለችም።

«ምንድን ናቸው?» አለች ዙሀይራ። «ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ቀናቸውን መስከረም አንድ እያልኩ አንድ በአንድ ላስገባቸው።»

ሂካን የእናቱ ቀብር ትዝ አለው። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «የመምህርት ሶረቲና የአንድ ወንድ ልጅ እናት» ነበር የተባለው። አንድ ወንድ ልጅ። ሽንት ሲደፋ የኖረው፣ ማታ ማታ ያገላበጣቸው ሰው ስም አልነበረውም። ያን ቀን ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ አንድም ሰው «ስሙ ሂካ ነው» አላለም። ሶረቲም አላለችም።

«ተይው» አለ። «ትርፍራፊ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት? ደግሞ ነገ ጎደለ ብለው...»

«ተይው አልኩሽ! አትሚው።»

ዙሀይራ አተመች። አርባ ሁለት ገጽ ሆነ። ሲከፍላት «ገለቶማ፣ ጋሼ» ብላ አመሰገነችው፣ ዓይኑን ሳታይ። በሚኒባሱ ሲመለስ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እኔ አልሰረዝኩም፣ ማሽኑ ነው፣ የኔንም ጨው ጥሏል፣ ሲል ለራሱ ተሟገተ። ጎባ እስኪደርስ አመነው ማለት ይቻላል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ በእናቱ ቤት ተሰበሰቡ። አቶ ተክለማርያም መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ገጽ በገጽ ገለጡ። ኦቦ ቱፋ ማንበብ ስለማይችሉ ክብደቱን በእጃቸው መዘኑት።

«ይሄ ሁሉ ያንተ ጽሕፈት ነው?» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ዋቃ! ጸሐፊ ቢያደርጉህ ኖሮ ይሄ ከተማ የት በደረሰ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህችን ቃል ለወር ያህል ያላምጣት ነበር። ዛሬ አልጣመችውም።

ሶረቲ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ከስታለች፤ ጋቢው ውጧታል። አቶ ተክለማርያም ገጾቹን ጨርሰው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ሶረቲ፣ ልጄ፣ አንቺ በየዓመቱ አመጣ ነበር ብለሻል። እዚህ ውስጥ የለም።»

«የለም?»

«አንድም።»

«በጳጉሜ ፈልጉት፣ ጋሼ። ሁልጊዜ በጳጉሜ ነው የምመጣው።»

«ጳጉሜ ላይ ምንም የለም። ከነሐሴ ወደ መስከረም ነው የሚያልፈው።»

ሁሉም ወደ ሂካ ዞሩ። እዚህ ላይ አንዲት ቃል ትበቃው ነበር።

«እኔ የጻፍኩት ከማሽኑ ወጥቶ ይኸው እፊታችሁ ነው» አለ። «ሰው ሰጥቶኝ ያልጻፍኩት አለ ብላችሁ ታውቃላችሁ?»

«እሱስ የለም» አሉ ኦቦ ቱፋ። «የዕድሩንም ያዳነን እሱ ነው።»

ሂካ ትጮሃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። ትስደበኝ፣ ታልቅስ፣ ትማል፣ ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለዚያም የሚመልሰው የአርባ ዓመት ነገር ነበረው። ላሞቹን፣ ካፖርቱን፣ የቀብሩን ንባብ። ሶረቲ ግን ወረቀቱን ከአቶ ተክለማርያም ተቀብላ፣ እንደ ተማሪ ፈተና እያገላበጠች ስታየው ቆየችና ድምጿ ቀነሰ።

«ሂካማ የማይጽፈው ነገር የለም። ምናልባት... ምናልባት በእማዬ እጅ ሰጥቼ ይሆናል። የሱ እጅ ነው የሚመስለኝ። ግን ጭንቅላቴም እንደ ድሮው አይደለም፤ ሐኪሙም ብሎኛል።»

«ታዲያ ምን እንበል?» አሉ አቶ ተክለማርያም።

«የተጻፈው ይሁን።»

ቤቱ ለሂካ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ለሶረቲ ከእናቷ ዕቃ የፈለገችውን እንድትወስድ ፈቀዱ፤ አንድ ሻሽና አንድ ትንሽ ራዲዮ ወሰደች።

በማግስቱ ጧት ጎባ መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። ጭጋጉ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ መንገዱን ይዞታል። በብድሬ መንገድ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መኪና ገና አምስት ሰው ነው የያዘው፤ ሳይሞላ አይነቃነቅም። ሶረቲ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፤ ሂካ ውጭ ቆመ።

«ሂድ፣ ብርድ አይምታህ» አለችው።

«እስኪሞላ እቆያለሁ።»

ሁለት ሴቶች ቅርጫት ይዘው ገቡ። ሰባት። አሁን እነግራታለሁ አለ። አንድ ሼኽ ገቡ። ስምንት። እነዚህ ይቀመጡና እነግራታለሁ። የሪራ ማር ነጋዴ ጀሪካን ጣሪያው ላይ ጫነና እየተሳደበ ገባ። ተራ አስከባሪው «መና! መና! የቀረው አራት ሰው!» ይላል።

«ሂካዬ» አለች ሶረቲ።

«አቤት።»

«ቂም እንዳትይዝብኝ። ሰጥቻለሁ ያልኩት አንተን ሌባ ለማለት አልነበረም። ሽማግሌ ፊት አሳፍሬህ ከሆነ ይቅር በለኝ።»

ሂካ አፉን ከፈተ። ባልና ሚስት ገቡ። አፉን ዘጋ።

«ያ የሮቤ ሥራ ስንት ወጣበት?» አለችው ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ እየፈታች።

«የቱ?»

«ከአሮጌው ወደ አዲሱ ያስገለበጥከው፣ ያሳተምከው።»

«ስምንት መቶ።»

አራት የመቶ ብር ኖት ቆጥራ በመስኮቱ አወጣችለት። «እንካ፣ ግማሹ የኔ ነው። ለእማዬ ነገር ተብሎ የወጣ አይደል? አንተ ብቻህን ለምን?»

አልቀበልም ቢላት ለምን እንደማይቀበል መናገር ነበረበት። እጁን ዘርግቶ ተቀበላት።

የመጨረሻው ሰው ገባ፤ በሩ ተዘጋ፤ መኪናው ጥቁር ጭስ ለቆ ወደ ጭጋጉ ገባ። ሂካ ብሩን ኪሱ ሳይከተው፣ በጣቶቹ መሐል እንደያዘው ቆሞ ቀረ። ተራ አስከባሪው ከኋላው ሌላ መኪና እያስጠጋ ነበር።

«አባቴ፣ ተሳፋሪ ነዎት? ካልሆኑ መንገዱን ይልቀቁ።»