የጀልባው አፍ

አስጎብኚዋ የገዛ ድምፅዋን ከድምፅ ማጉያ ሳጥን ውስጥ ስትሰማ መጀመሪያ የመሰላት ሌላ ሴት ጀልባው ላይ የወጣች ነበር።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። የመንሳፈፊያ ጃኬታችሁን ያላሰራችሁ እሰሩ፤ ውሃ ዘመድ አይመርጥም» አለ ሳጥኑ።

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ቃሉ የእሷ ነው፤ ሳቁ ግን ለሳጥኑ ሆነ።

ታናሽ ወንድሟ ከኋላ መሪውን ይዞ ቆሟል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ እሷ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው የምትለው። አምና ስልኩን አፏ ሥር ደቅኖ «ለመታሰቢያ ነው እታለም፣ ድምፅሽ ይቀመጥልን» ሲላት እሷም አመነችው። እውነቱን የነገራት ዛሬ ጠዋት መሳፈሪያው ላይ ነው። ሳጥኑ ይናገራል፤ እሷ ጃኬት ታድላለች። ተሳፋሪ የሚልክላቸው የጉዞ ወኪል ሳጥኑን ከወደደው ደግሞ ከነገ ጀምሮ ጃኬቱንም ሌላ ሰው ያድላል፤ እሷ ቤቷ ትቀመጣለች።

«ደክሞሻል እኮ» ነበር ያላት።

«ማን ነገረህ?»

«ጉሮሮሽ።»

«ጉሮሮዬ ካንተ ጋር መቼ ተዋወቀ?»

አባታቸው ሲሞት ጀልባው ለወንዱ፣ ወሬው ለሴቷ ደርሷል። ሁለቱም በድርሻቸው ኖረዋል። ሰው የሚያስጎበኙት ደሴት ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ጥርስ ነው፤ ሲቀርቡት ነፋስና ውሃ የበሉት የድንጋይ ምሰሶ፣ የድንጋይ ድልድይ፣ የድንጋይ እንስሳ ነው። ስም ያወጣላቸው የለም። የምታወጣው እሷ ናት፤ ያውም በየቀኑ አዲስ። ጃኬት ስታስር የሰዉን ፊት ታያለች። ልጆች ከበዙ ትልቁ ድንጋይ ዝሆን ይሆናል፤ ሽማግሌዎች ከበዙ ሹመቱን የተነጠቀ ሹም ይሆናል። አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ አውርታው አታውቅም። ውሸታም ናት ቢሏት አትክድም። «ሰው ለክቼ ነው የምሰፋው» ትላለች።

ዛሬ ጠዋትም ጃኬት ስታስር አንዲት ሴት አይታለች። አውራ ጣቷ ላይ የወንድ ቀለበት አለ፤ እንዳይወልቅ ክር ተጠምጥሞበታል።

«ብቻሽን ነሽ?» አለቻት።

«ሁለት ቦታ ነበር የያዝነው» አለች ሴትዮዋ፤ ሌላ አልጨመረችም።

አስጎብኚዋም አልጠየቀችም። የጃኬቱን ማሰሪያ ቀስ ብላ አጠበቀችላት።

ደሴቱ አጠገብ ሲደርሱ ነፋሱ በረታ። ማሙሽ በወትሮው በኩል መሄዱን ትቶ በወዲያኛው ዞረ። ደግ አደረገ። ሳጥኑ ግን ይህን አያውቅም።

«በስተቀኛችሁ ዝሆኑን ተመልከቱ!» አለ ሳጥኑ። «ኩምቢውን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ጠጥቶ አልረካም!»

ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ዞረ። በስተቀኝ ባዶ ውሃ ነው።

«ጠልቋል መሰለኝ» አለ አንዱ ወፍራም ሰውዬ። ሳጥኑን ሊፈትን መጥቶ ፊት የተቀመጠው ወኪል ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ውሃውን አየ፤ መልሶ አጠለቀው።

እሷ ወደ ኋላ ሄደች። «ማሙሽ፣ አቁመው። በሌላ በኩል ዞረሃል እኮ።»

«ግድ የለም፣ ይደርስበታል።»

«ማን ነው የሚደርሰው? ድንጋዩ ወይስ ሳጥኑ?»

ያኔ ትዝ አላት። ድምፅዋን በቀዳበት ቀን ጀልባው ላይ የነበሩት ጎረምሶች ናቸው፤ በሳቅ ይንፈራፈሩ ነበር። እሷም ለእነሱ በልካቸው ሰፍታለች። ከዝሆኑ ቀጥሎ ግመሉ፣ ከግመሉ ቀጥሎ ጀርባና ጀርባ የቆሙት ሁለት ምሰሶዎች ናቸው። ባልና ሚስት አለቻቸው። ባልየው አንድ ጠዋት ደህና ዋይ ብሎ ወጥቶ ድንጋይ ሆኖ ቀረ፤ ሚስቲቱን ስለሱ ብትጠይቋት «እንኳን ቀረ፣ አልጋው ሰፋኝ» ትላችኋለች። ጎረምሶቹ ጀልባውን እስኪያናውጡ ስቀው ነበር።

«ባልና ሚስቱን ዝለለው» አለችው።

«አይዘለልም። አንድ ወጥ ነው።»

«ያቺን ሴት አየሃት?»

«የቷን?» ማሙሽ ሰው አያይም፤ የሚያየው ውሃ ነው። ለጀልባ ነጂ ደግ ነው።

«ባሏ ሞቷል።»

«ነገረችሽ?»

«ቀለበቷ ነገረኝ።»

«እታለም፣ ቀልድ ነው። ሰው ይስቃል፣ ያልፋል። ወኪሉ እያየን ነው፤ በናትሽ አታዋርጂኝ። ተቀመጪ።»

ሄዳ ተቀመጠች። ግመሉ መጣ፤ ማለት በሳጥኑ መጣ፤ በጀልባው በኩል ግን የነበረው የድንጋይ ድልድይ ነው። ሰው መዞሩን ትቶ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ሴትዮዋም ታዳምጣለች።

«እነሆ ባልና ሚስቱ!» አለ ሳጥኑ።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

«አትስሟት!» አለች ተነስታ። «ያቺ ሴትዮ ውሸታም ናት!»

ሰው ሳቀ። የትርኢቱ ክፍል መስሏቸዋል። እሷ ትጮሃለች፤ የአምናው ድምፅዋ ግን ከዛሬው ይበልጣል። «ባልየው አንድ ጠዋት ደህና ዋይ ብሎ ወጣ» አለ ሳጥኑ፣ «ሚስቲቱን ስለሱ ብትጠይቋት...»

ጎንበስ ብላ ከወንበሩ ሥር የሳጥኑን ሽቦ ያዘችና ነቀለችው።

የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ምን ሆነ?» አለ ወኪሉ።

«ምንም አልሆነ። እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

«እታለም ሰኪው!» አለ ማሙሽ ከኋላ።

«አልሰካም።»

«ጀልባው የኔ ነው!»

«ጀልባው ያንተ ነው። አፉ ግን የኔ ነው።»

ወኪሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «እህቴ፣ እኔ የምፈልገው ጸጥታ ያለበት ሥራ ነው።»

«ይኸው ጸጥ አድርጌልሃለሁ።»

ወፍራሙ ሰውዬ ሊስቅ ብሎ ወኪሉን አየና ተወው። ጀልባው ማዕዘኑን ዞረ። እውነተኞቹ ሁለት ምሰሶዎች መጡ፤ ረጃጅም፣ ጥቁር፣ ጀርባና ጀርባ የቆሙ።

«እነዚህስ ምንድን ናቸው?» አለች ባለቀለበቷ ሴት።

አስጎብኚዋ አፏን ከፈተች። ለዚች ሴት የሚሆን ልክ ፈለገች፤ አጣች። በዕድሜዋ እንዲህ ሆና አታውቅም።

«ድንጋይ ናቸው» አለች።

«ስም የላቸውም?»

«ዛሬ የላቸውም።»

ሴትዮዋ አንገቷን አቅንታ ብዙ አየቻቸው። «ጀርባ ተሰጣጥተዋል» አለች። «የኔ ሰውዬም ሲያኮርፍ እንዲህ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኝ ያድራል፤ ብርድ ልብሱን ግን አይለቅም።» ሳቀች። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና እንደገና ሳቀች። ያኔ ሌላውም አብሯት ሳቀ።

«አየሽ?» አለ ማሙሽ። «ቀልድ ነው አላልኩሽም?»

«ቀልድ ነው። የእሷ ቀልድ ነው።»

ደሴቱ ላይ ደረሱ። ሰው እየተደጋገፈ ወረደ። ወኪሉ ሲወርድ ማሙሽን ብቻ ጨበጠውና «ሳጥንህን ስታስተካክል ደውልልኝ» አለው። እሷን አላያትም።

ማሙሽ መጣና እጁን ዘረጋ። «ሽቦውን።»

እጇ ላይ ጠምጥማው ነበር። አልሰጠችውም።

«ከነገ ጀምሮ አትምጪ» አላት። ይህን ሲላት ዓይኑ ውሃው ላይ ነው።

«እመጣለሁ።»

«አላሳፍርሽም።»

«ትኬት እቆርጣለሁ። ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሳጥንህ ሲለፈልፍ እኔም አጠገቤ ላለው ሰው አወራለሁ፤ የሚሰማኝን እናያለን። ተሳፋሪን አፍህን ዝጋ ያለ ባለ ጀልባ ካለ እኔም ልየው።»

ሽቦውን ከእጇ ፈታችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«እንካ፣ ሰካው» አለችው። ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች፤ ወፍራሙ ሰውዬ ከታች እጁን ሰጣት።

«እትዬ፣ ያ ዝሆን ግን በመጨረሻ የት ገባ?» አላት።

«ማን ዝሆን ነው አለህ?» አለችና ከፊት ቀደመች።