ሁለት ጊዜ የተለቀሰለት ሰው

በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። ክረምቱ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣም የሮቢ ወንዝ ሞልቶ ዳር ዳሩን የነበረውን የሽንኩርት ማሳ ጠርጎ ወሰደው። የተረፈው ማሽላ ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። ሰው ፍየሉን በማይረባ ዋጋ ሸጠ። ወጣቱ በጅቡቲ በኩል ባሕር ለመሻገር ወጣ። ከወጡት አንዱ የሐምዲያ ባል ኸድር ነበር። ልጃቸው ኑርሃን ያኔ ዓመት አልሞላትም።

ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ኸድር ትናንት ተቀበረ። አስከሬኑ ከደብረ ሲና በአይሱዙ ወርዶ፣ በታላቅ ወንድሙ በአደም ግቢ ድንኳን ተጥሏል። ሐምዲያ ግን የባሏን ለቅሶ እንደ ሩቅ ዘመድ ሆና ነው የተቀመጠችው።

«ዓይንሽን ጥረጊ» አለቻት የአደም ሚስት መሊካ፣ ሻይ የምትቀዳ መስላ ጎንበስ ብላ። «ለባል አጎት ልጅ እንዲህ አይለቀስም።»

«አላለቀስኩም።»

«ታዲያ ፊትሽ ላይ ያለው ምንድነው?»

«ላብ ነው።»

መሊካ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በሻሿ ያዘች። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ላብ ነው ብሎ መዋሸት አያስቸግርም።

አደም ለለቅሶ የሚመጣውን ሁሉ በር ላይ እየጠበቀ በጆሮው ይነግረዋል። ኑርሃንን የሚረዳው ድርጅት ሰዎች ከጠየቁ ሟቹ የአጎታችን ልጅ ነው በሉ። ሁሉም እሺ ይላል። ሐምዲያ በድንኳኑ ያለውን ሰው በዓይኗ ስትቆጥር አርባ አለፈ። ከአርባ ሰው አንዱ ቢስት በቃ። መንገድ ላይ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ወደ በሩ ትዞራለች።

ኸድር በሄደ በሁለተኛው ዓመት ጀልባ ሰጠመ ተባለ። ተርፈው የተመለሱት ስሙን ከሞቱት ጋር ጠሩት። ሶላት ተሰገደ፣ ሰደቃ ወጣ። ሐምዲያም ባል የሞተባት ሴት እንደሚገባት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት ሳትወጣ ተቀመጠች። ስትወጣ የሚቀመስ አልነበረም። የኑርሃን እግር እንደ እንጨት ቀጥኗል፣ ሆዷ ተነፍቷል። በዚያ ሰሞን አባት የሞተባቸውን ልጆች ከባሕር ማዶ ረጂ ጋር የሚያገናኝ ድርጅት ከተማው ገባ። አደምና ሁለት ሰዎች ቀበሌ ቀርበው አባቷ ሞቷል ብለው መሰከሩ። ያኔ ውሸት አልነበረም። ለኑርሃን ዱቄት፣ ዘይት፣ የትምህርት ቤት ልብስና ሐኪም መጣላት።

በዓመቱ፣ በገበያ ቀን፣ ኸድር በጓሮ በር ገባ። የመን ታስሮ ኖሯል። ሐምዲያ «ቢስሚላህ» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች።

«አትፍሪ፣ እኔው ነኝ።»

ልጅቷ ደጅ በአፈር ትጫወታለች። ጉንጯ ሞልቷል። ኸድር በበሩ ስንጥቅ ለረጅም ጊዜ አያት።

«ማን አበላት?»

ሁሉንም ነገረችው።

«እኔ አለሁ ከተባለስ?»

«ይቋረጣል።»

ሁለት ባዶ እጆቹን አገላብጦ አየ። «እንግዲያው ሞቻለሁ» አለ።

ደብረ ሲና ወጥቶ ድንጋይ ጫኝ ሆነ። የቆላ ሰው ነውና ብርዱ ደረቱ ውስጥ ገባ። በዒድ በዒድ ብቻ፣ አጎት ተብሎ ይመጣል። አንድ ዒድ ኑርሃን ለረጂዋ ደብዳቤ ስትጽፍ፣ «አጎቴ፣ አባትሽ ምን ይመስል ነበር ብላ ጠይቃኛለች፤ ምን ልበላት?» አለችው። ኸድር አጭር ሰው ነበር። «ረጅም ነበር በያት» አለ። ልጅቷ ጻፈችው። ሲሄድ በር ላይ ሐምዲያን፣ «አንድ ቀን ትነግሪያታለሽ?» አላት። «ወላሂ እነግራታለሁ» አለች። አራት ዓመት ሙሉ ይህ ቃል ዕዳ ሆኖባት ኖረ። እሱም ዳግመኛ አልጠየቃት።

ባጃጅ መጣና ቆመ። የድርጅቱ ሠራተኛ ሩሐማ ቦርሳዋን አንግታ ወረደች። ከሌላ ከተማ ተመድባ የመጣች፣ ቀልጣፋ ልጅ ናት። አደም ከወንዶቹ በኩል እየሮጠ መጣ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ማን ነው የሞተው፣ ጋሼ አደም?»

«የአጎታችን ልጅ ነው። ደብረ ሲና ነበር።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

አደም ዝምድናውን ለአርባ ሰው ሲያስጠና ስም አላዘጋጀም ነበር። ኑርሃን ብርጭቆ የሞላ ሰፌድ ይዛ በመሃል ስታልፍ፣ «አጎቴ ኸድር ነው» አለች።

ሩሐማ ዞራ አየቻት። «ኸድር የአባትሽ ስም አይደለም?»

«ሞክሼ ናቸው!» አለ አደም። «እዚህ አገር ድንጋይ ብትወረውሪ ኸድር ነው የምትመቺው።»

ሰው ፈገግ አለ። ሩሐማም ፈገግ አለች። አለፈ። ሐምዲያ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች።

«እትዬ ሐምዲያ፣ ይቅርታ፣ በለቅሶ መሃል ሆነብኝ» አለች ሩሐማ አጠገቧ በርከክ ብላ። «ቅዳሜ ኑርሃንን ይዘሽ ቢሮ ነይ። ዓመታዊው ፎቶና ደብዳቤ ነው።»

ሐምዲያ እሺ ልትል ነበር። እሺ ካለች ቅዳሜ ለብሳ ትወጣለች። ከወጣች ኸድር ሚስትም ልጅም እንደሌለው ሰው ተቀብሮ ይቀራል። እሺ ካላለች ዱቄቱም ትምህርት ቤቱም ይቀራል፣ የመሰከሩት ሦስቱ ሰዎችም ይጠየቃሉ።

«ቅዳሜ አልወጣም» አለች።

«ለምን?»

«አራት ወር ከአሥር ቀን አልወጣም። ሚስቱ ነኝ።»

መሊካ «ያ አላህ!» አለች። አደም ባለበት ቁጭ አለ።

«ሞቷል ብለን ነበር ያስመዘገብናት» አለች ሐምዲያ። «በኋላ ተመለሰ። እኔ ነኝ የደበቅሁት።» ቀና ብላ ልጇን አየች። «ኑርሃን፣ አጎትሽ አልነበረም። አባትሽ ነው።»

ሩሐማ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። «ይህን መጻፍ አለብኝ፣ እትዬ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እኔም አላውቅም።»

«ጻፊው።»

ኑርሃን ሰፌዱን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሩሐማ ተነስታ ሰፌዱን ተቀበለቻትና መሬት አስቀመጠችው። ከዚያ የልጅቷን ሁለት እጆች ይዛ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለቻት።

ሐምዲያ ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ ብላ ለሟቹ ልጅ ቦታ ለቀቀች።