ሁለቱም ጫፉ እዚያው የተሰካ ገመድ

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። በሩንም መለስ አርጉት፣ ነፋሱ ይገባል። ይኸን ነገር ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል፤ ድምፄ ከፍ ካለ በእናንተ አይደለም።

የጎረቤቴ የኑርጃን ልጅ፣ ትንሿ አርዋ፣ ከእናቷ ጋር ዘመድ ጥየቃ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዳ ስትመለስ ትኩሳት ያዛት። እናቷ አዝላት፣ እኔ ምርኩዜን ይዤ፣ በጠዋት መካነ ሰላም ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድናት። ስሙን አልጠራውም። ሥርጉት የምትባል የላብራቶሪ ሠራተኛ ከጣቷ ደም ወሰደችና፣ "ውጤቱ በኮምፒውተር ለሐኪሟ ይደርሳል፤ እዚህ ጠብቁ" አለችን።

ጠበቅን። ጥላው ዞረ። አርዋ እናቷ ጭን ላይ ሆና ትቃዣለች።

"ምነው ቆየ?" ብል፣ "ኔትወርክ የለም" አሉኝ።

ኮምፒውተሮቹን የሚጠግነው ጀላል ላብ አጥምቆት ይራወጣል። ኬብል ይቀይራል፤ ያጠፋል፣ ያበራል። ሲያበራው ለአፍታ ይሠራና መልሶ ቀጥ ይላል። የክሊኒኩ ባለቤት አቶ አስናቀው ደግሞ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ይጮህበታል።

"አንተ ነህ ያበላሸኸው! ትናንት ይሠራ አልነበር?"

"ጋሼ፣ ከትናንት ወዲህ የነካው ሰው አለ ወይ ብዬ እኮ ጠየቅሁ።"

"ማን ይነካዋል? ይልቅ ሥራህን ሥራ!"

ይኸኔ ሥርጉት በመስኮት ብቅ ብላ አርዋን አየቻትና ተመለሰች። ደግሞ ብቅ አለች። ጠረጠርሁ።

"አንቺ ልጅ፣ ውጤቱን አውቀሽዋል?"

አቀረቀረች። "ከኮምፒውተር ውጭ ውጤት የተናገረ ይባረራል ተብለናል፣ አባባ።"

በስመ አብ! ብድግ አልሁ። "አቶ አስናቀው! ላብራቶሪው እዚያ፣ ሐኪሟ እዚህ! መካከሉ አንድ ግቢ ነው። ይቺ ልጅ እግር የላትም? አፍ የላትም?"

"አባት፣ ደንብ ነው። ዛሬ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ በዘመናዊ አሠራር ነው የምንታየው።"

"ሬሳ ያሳዩአቸዋ!"

ኑርጃን "ያ ረቢ! እንዲህ አይበሉ" ብላ ልጇን ጥብቅ አርጋ አቀፈች። እሷ ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። እሷ በታገሠች ቁጥር የኔ ንዴት ባሰ።

ጀላልን ተከትዬ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ አስናቀውም ከኋላችን። ገመዶቹ ሁሉ የሚሰኩበት ትንሽ ሳጥን ግድግዳው ላይ አለ፤ መብራቶቹ እንደ እብድ ይርገበገባሉ። "ይኸ የጤና አይደለም" አለና ገመዶቹን አንድ ባንድ ይነቅል ጀመር። አንዱን ነቀለ፣ ምንም። ሌላውን፣ ምንም። አንድ ነጭ ገመድ ሲነቅል መብራቶቹ ረጋ አሉ። ገመዱን በእጁ እየዳበሰ ተከተለው፤ ለካ በጠረጴዛው ሥር ዞሮ ተመልሶ እዚያው ሳጥን ገብቷል!

"ሁለቱም ጫፍ እዚሁ! ሳጥኑ የራሱን ጩኸት መልሶ እየሰማ ሲጮህ ነው የዋለው፤ የሌላውን ከየት ይስማ? ማን ነው የሰካው?"

አስናቀው ጉሮሮውን ጠረገ። "ጫፉ ተንጠልጥሎ... ለእንግዳ ያስጠላል ብዬ... ባዶ ቀዳዳም ስላየሁ..."

"አንተ!" አልሁት። አንቱታው ከአፌ ጠፋ። "ራስህ ሰክተህ ነው ይኸን ልጅ ስታዋርደው የዋልኸው? ሳጥኑስ ሳጥን ነው፤ አንተ የራስህን ጩኸት ብቻ የምትሰማው ምን ተሰክቶብህ ነው?"

ሥርጉት ኮምፒውተሩ እስኪመለስ አልጠበቀችም። ግቢውን በሩጫ አቋርጣ፣ "ዶክተር፣ ወባ ነው! ከባዱ ነው!" አለች። ወዲያው ለአርዋ መርፌ ተሰጣት።

አስናቀውማ "ይኸው ተስተካከለ እኮ፣ አባት፤ ይረጋጉ" ይለኛል!

"ገመዱ ነው የተስተካከለ" አልሁት።

አርዋ ሲመሻሽ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች፤ ኑርጃን "አልሐምዱሊላህ" ብላ አለቀሰች። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አልበረደልኝም። ጠዋት የታወቀ በሽታ ነው ከሰዓት በኋላ የታከመው።

ልጆቼ፣ ነገ እናንተም እንደ ሥርጉት፣ እንደ አስናቀው ያለ ወንበር ላይ ትቀመጡ ይሆናል። ገመዱ እምቢ ያለ ቀን፣ እናቷ ጭን ላይ የምትቃዠውን አርዋን አስታውሱልኝ፤ ተነሡና በእግራችሁ ሂዱ። አደራ።