የባዳቾ ቅቤ

ሃያ ዓመት በሶዶ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ። ገበሬው በወላይትኛ የተናገረውን ለዳኛው በአማርኛ፣ ዳኛው የፈረደውን ለገበሬው በወላይትኛ እናገራለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ቃል አልዋጥኩም። ሰውየው «ሌባ» ከተባለ ሌባ ብዬዋለሁ፤ «አምስት ዓመት ይታሰር» ከተባለም ዓይን ዓይኑን እያየሁ አምስት ዓመት ብዬዋለሁ። የረገመኝ አለ። አንዲት ባልቴትም ፊቴ ላይ ተፍታብኛለች። ኤርሳዶ ዋሸኝ የሚል ሰው ግን ከሶዶ እስከ ገሱባ ብትፈልጉ አታገኙም። ይህን የምላችሁ ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ ለምን እንደተናደድኩ እንዲገባችሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። እግሬ አበጠ፣ ጫማ እምቢ አለኝ፤ ከገበያ ቤቴ ድረስ ያለችውን ትንሽ አቀበት ሦስት ጊዜ እያረፍኩ መውጣት ጀመርኩ። ባለቤቴ ትርፌና አስተማሪው ልጄ ሻንቆ ግራና ቀኝ ይዘው አንድ ፈረንጅ ሐኪም ከከፈተው ክሊኒክ ወሰዱኝ። ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠ፣ ጀርባዬን መታ መታ አደረገ፣ እግሬን በጣቱ ጫን አለና ጉድጓዱ እስኪሞላ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ረዳቱ፣ ወደ ድሬሰሩ ዞሮ ረጅም ንግግር አደረገ። ድሬሰሩ ቦጋለ ይባላል፤ አባቱ ከሰሜን የመጡ የወረዳ ጸሐፊ ነበሩ፣ አውቃቸዋለሁ።

«ልብዎ ትንሽ ደክሟል ይላሉ፤ አይዞዎት ጋሽ ኤርሳዶ» አለኝ።

ከአልጋው ላይ ተነሣሁ። «ስማ አንተ ልጅ፣ ሰውየው የተናገረው አንድ ሙሉ ስብከት ነው። አንተ የሰጠኸኝ አንድ ዓረፍተ ነገር። የቀረውን የት አደረስከው?»

«ዋናው ነገር ይኸው ነው ጋሼ።»

«ዋናውን የምመርጠው እኔ ነኝ! የታመመው የኔ ልብ ነው እንጂ ያንተ አይደለም። ሁለተኛ ከኔ ፊት አንድ ቃል እንዳትውጥ። በሚካኤል ማል!»

እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ በታቦት አልምልም። እሱ ግን ይምላል፣ ደግሞም መሐላውን ይፈራል። ማለ፤ ከዚያም ላቡን እየጠረገ ሁሉንም ተረጎመልኝ። ልቤ ከመጠኑ በላይ አብጧል። ጨው ከበላሁ፣ ቅቤ ከበላሁ፣ ጮማ ከቆረጥኩ፣ አቀበት ከወጣሁ፣ ከተናደድኩ እሞታለሁ። እነዚህን ትቼ ኪኒኑን ከዋጥኩ ጥቂት ዓመት ልኖር እችላለሁ።

«ጥቂት ስንት ነው?»

«አላውቅም ይላሉ።»

ደስ አለኝ። ሰው እንዲህ ሲነግረኝ ነው ደስ የሚለኝ።

ደስታዬ ግን ቤቴ እስክገባ ነው። ጨው የሌለው ጎመን በልታችሁ ታውቃላችሁ? ቅቤ ያልነካው ቆጮስ? ትርፌ ዳጣውን እንኳ፣ ያንን ከበርበሬ ሁሉ የምወደውን፣ ጨው አለበት ብላ ከፊቴ አነሣችው። ይሁን፣ እሱን ቻልኩት። ያልቻልኩት «አትናደድ» የሚለውን ነው። የጎረቤት ፍየል ጓሮዬ ገብታ ቡናዬን ስትግጥ ብጮህ «የሻንቆ አባት፣ ሐኪሙ ምን አለ?» ሻንቆ ደሞዙን በልብስ ጨርሶ ሲመጣ ብናገረው «አባባ፣ ሐኪሙ ምን አለ?» ያ ፈረንጅ ለኔ ያዘዘውን መድኃኒት እነሱ እኔን ዝም ለማሰኘት ወሰዱት። በገዛ ቤቴ ንዴቴን እንኳ ተቀማሁ።

እንዲህ ሆኜ በሰነበትኩ በሳምንቱ ነው ባዳቾ የመጣው።

ባዳቾ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ገሱባ ነበር የሚኖረው። ልጆች ሳለን አባታችን አንዳችንን ብቻ ፊደል ለማስቆጠር ሲስማማ፣ ባዳቾ መቆፈሪያውን አንሥቶ «እኔ እቆፍራለሁ፣ እሱ ይማር» ያለ ሰው ነው። እኔ ከመሪጌታ ዘንድ አማርኛ ስማር እሱ መሬት ይፈነቅል ነበር። ሲሸመግልም ያው ነው፤ አማርኛ አያውቅም፣ ስሙን አይጽፍም። መታመሜን ሲሰማ ከገሱባ በእግሩ መጣ። በብብቱ ቅል ይዟል፤ አፉ በእንሰት ቅጠል ታስሯል።

«ልብህ ደክሟል አሉኝ» አለና ቅሉን ፊቴ አኖረው። «ለጋ ቅቤ ነው። የደከመን ሰው የሚያነሣው ይኸ ነው።»

ሳምንት ሙሉ የታፈነው ንዴት ሁሉ በዚያች ቅል ላይ ፈነዳ። «ልትገድለኝ ነው የመጣኸው? ሐኪሙ የከለከለኝን መርዝ ከገሱባ ድረስ ተሸክመህ መጣህ? አንተ መሃይም!» አልኩት።

መሃይም። ይህን ቃል የተማርኩት እሱ በቆፈረበት ጉልበት ነው።

ባዳቾ ቅሉን መልሶ በብብቱ ያዘና ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ወጣ። ትርፌ ተከትላው እስከ በር ብትለምነው አልተመለሰም። እኔ በመስኮት አየሁት፤ ከቤታችን በላይ ያለችውን ዳገት ሲወጣ ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ። መንገዱ አድክሞት ነው ብዬ አለፍኩት።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ በማግሥቱ ምግቡም አልበላ አለኝ፤ ጨው ስለሌለው አይደለም። ሰው ልኬ ይቅርታ ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት። ይቅርታዬን በሰው አፍ መስደድ አልፈለግሁም። የሰው አፍ በመንገድ ላይ ምን ምን እንደሚጥል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ቆረጥኩ። መስከረም ላይ ጊፋታ ሲደርስ፣ የዓመቱ መለወጫችን ነውና ዘመድ ሁሉ በታላቁ ቤት ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እያየ ከባዳቾ እግር ላይ እወድቃለሁ። እስከዚያ መሞት የለብኝም። ጨው ተው? ተውኩ። ቅቤ ተው? ተውኩ። ተኛ? ተኛሁ። አትናደድ? ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን እንደዚያ ሆኜ አሳለፍኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች እየመጡ ይጸልዩልኝ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ አንተ አጽናናው» ሲሉ ስለ ጨው መስሎኝ አሜን እል ነበር።

መስከረም በገባ በሳምንቱ ከትርፌ ጋር ወደ ክሊኒኩ ሄድን። እግሬ ጎድሏል፣ ትንፋሼ ተመልሷል። ሐኪሙ አዳመጠኝና ፈገግ አለ።

«በጣም ተሽሎታል ይላሉ» አለ ቦጋለ። «እንዳሁኑ ከቀጠሉ ቀስ በምትል በቅሎ ገሱባ መሄድ ይችላሉ።»

ሐኪሙ ትከሻዬን በእጁ ያዝ አድርጎ እንደገና ተናገረ። ድምፁ ለስለስ ያለ ነበር። ቦጋለ ግን ትርፌን አያት። ትርፌ መሬት መሬት ታያለች።

«ምን አለ?» አልኩ።

«ይቅርብዎት ጋሽ ኤርሳዶ። ሰላምታ ነው።»

«በሚካኤል ምለሃል።»

«ጋሼ፣ እባክዎ...»

«ተርጉም!»

ልጁ ግድግዳውን እያየ ተረጎመ። «ቤተሰቦችዎ መጥተው እኔን ማማከራቸው ብልህነት ነው ይላሉ። ወንድምዎ ሰኔ ላይ ያረፉ ጊዜ ወዲያው ነግረውዎት ቢሆን ልብዎ አይችለውም ነበር። አሁን ግን ሰምተው፣ ችለውት፣ እንዲህ ቆመው በማየቴ ደስ ብሎኛል ይላሉ።»

ፈረንጁ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው። የተነገረኝ መስሎታል፣ ምን ያድርግ። እኔም ቁጭ ብዬ ልቤ እስኪፈነዳ ጠበቅሁ። አልፈነዳም። ሦስት ወር ሙሉ ይፈነዳል ተብሎ አገር ሲዋሽለት የከረመ ልብ ዝም ብሎ ይመታል!

መንገድ ላይ በትርፌ ላይ ጮህኩባት፤ የገበያው ሰው ሁሉ ቆሞ አየን።

«ሻንቆ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ሽማግሌዎቹስ?»

«እነሱ ናቸው የቀበሩት።»

«ቀብረውት መጥተው ነው ቤቴ ገብተው አጽናናው የሚሉት? እኔ አሜን ስል እንዴት አስቻላቸው? አንቺስ? በየቀኑ ያንን አልጫ ጎመን እያቀረብሽልኝ፣ ለጊፋታ ባዳቾን ምን ብዬ እንደማናግረው ስነግርሽ፣ እንዴት አስቻለሽ?»

ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈችው። ጸጉሯ ሥሩ ድረስ ተቆርጧል። «አላስቻለኝም!» አለች፤ ትርፌ በአርባ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ጮሃብኝ አታውቅም። «ያለቀስኩለት ከእንሰቱ ጀርባ ነው፤ አፌን በነጠላዬ አፍኜ! አንተ ልቅሶህን ተቀምተሃል፣ እኔም ተቀምቻለሁ። ሁለታችሁን በአንድ ወር መቅበር አልችልም ነበር። ተናደድ፣ እንደፈለግህ ተናደድ፣ ግን ቆመህ ነው የምትናደደው!»

 ይቅር ግን አላልኳትም።

በማግሥቱ በቅሎ ጭኜ ገሱባ ወረድኩ። ሻንቆ ከፊት፣ ትርፌ ከኋላ ነበሩ። የባዳቾ ግቢ ደጃፉ ተጠርጓል፤ ለጊፋታ እንጨት ተቆልሏል፣ ሴቶቹ ቆጮ ይከታትፋሉ። ልቅሶው ድሮ አልቆ ሰው ወደ ኑሮው ተመልሷል። ይሄ ደግሞ አናደደኝ። ከበቅሎዬ ወርጄ በሩ ላይ ቆምኩና «አልቅሱ!» አልኩ። «ለእናንተ የሞተው ሰኔ ነው፣ ለኔ የሞተው ትናንት ነው። ተነሡና አልቅሱልኝ!» ሴቶቹ ቢላዋቸውን ጣሉ። ጎረቤቱ ወጣ። እንደ አዲስ አለቀሱለት፤ እኔም ሐኪሙ የከለከለኝን ሁሉ ረስቼ ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ።

ሲበርድልኝ ሚስቱን አሰፋሽን ጠራኋት። «አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ። ለኤርሳዶ አትንገሩት ብሎ መጀመሪያ አፉን የከፈተው ማን ነው? ስሙን ጥሪልኝ።»

«እሱ ነው» አለች።

«እሱ ማን?»

«ባዳቾ ራሱ። ሊሞት ሲል፣ ‹ለኤርሳዶ እንዳትነግሩት፤ ከተናደደ ልቡ ይጎዳል። ጊፋታ ሲደርስ በራሱ ይመጣል› አለ። ያንን ነው የፈጸምነው።»

«በምንድን ነው የሞተው?»

ከንፈሯን ነከሰች። «እግሩ አብጦ ነበር። ደረቱንም ካመመው ዓመት አልፎታል።»

«ታዲያ ለምን ሐኪም ዘንድ አልሄደም? ምን ነካችሁ? ሶዶ ሩቅ ነው?»

አሰፋሽ ቀና ብላ አየችኝ። ልትውጠው እንደፈለገች አየሁ፤ የሚውጥ አስተርጓሚን ፊት አውቃለሁ።

«ሳታጎድዪ ንገሪኝ» አልኳት።

«አንተ ዘንድ የመጣ ዕለት ሐኪም ዘንድ ሊሄድ ነበር አመጣጡ» አለች። «እናንተ ቤት አድሮ፣ ጠዋት አንተ ይዘኸው እንድትሄድ። ‹እኔ አማርኛ አላውቅም፣ ፈረንጁም ወላይትኛ አያውቅም፣ ወንድሜ ግን አንድ ቃል ሳያጎድል ይናገርልኛል› ብሎ ነበር።»

ሦስት ወር ሙሉ በሁሉም ተናድጄ ነበር፤ በሐኪሙ፣ በትርፌ፣ በልጄ፣ በሽማግሌዎቹ፣ በፍየሏም ጭምር። ያልተናደድኩበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እኔው ራሴ። አሁን ተራው የሱ ሆነ፤ ይህንን ንዴት ደግሞ የሚያስታግስ ኪኒን ያ ሐኪም የለውም።

አሰፋሽ ወደ ጓዳ ገባችና ቅሉን ይዛ ወጣች። ያው የእንሰት ቅጠል ነው፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ሲሻለው ይበላዋል ብሎ አስቀምጦልህ ነበር» አለች። ስትፈታው የከረመ ቅቤ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠው።

«አልበላውም» አልኳት። «ራሴ ላይ አድርጊልኝ።»

«ልቅሶ ላይ ቅቤ አይቀባም ኤርሳዶ።»

«ልቅሶም ነው፣ ጊፋታም ነው። ለጊፋታ የሚቀባው የቤቱ ታላቅ ከእንግዲህ እኔ ነኝ። አድርጊልኝ!»

ጎንበስ አልኩላት። በእፍኟ ዘግና መሐል አናቴ ላይ አኖረችልኝ። ሰው ሁሉ ያያል። ፀሐይዋ በርትታ ነበርና ወዲያው መቅለጥ ጀመረ፤ በግንባሬ ወረደ፣ በዓይኔ ሥር ከእንባዬ ጋር ተቀላቀለ፣ ከንፈሬ ላይ ደረሰ። ትርፌ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግልኝ እጇን ዘረጋች። እጇን ያዝኩና ከንፈሬ ላይ ያለውን ቅቤ ላስኩት።

በጥቅምት ሐኪሙ ዘንድ እመለሳለሁ። ቅቤ በልተሃል ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በልቻለሁ እለዋለሁ፣ ከማን እጅ እንደሆነና ለምን እንደሆነም እነግረዋለሁ፤ ቦጋለም ሳያጎድል ይተረጉምለታል።