«ትንሽ አፍጥነው»

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ከበሩ ላይ ተነስና እዚህ ተቀመጥ፣ ነፋስ ይመታሃል። አንቺም ስልክሽን አስቀምጪው፤ ብዙ አላቆያችሁም። ስለ እህቴ ልጆችና ስለዚያ ዘፈን ላውጋችሁ። ዘፈኑን ታውቁታላችሁ፤ በየታክሲውና በየሱቁ ሲጮህ የከረመው ነው። የማታውቁት ያንን ዘፈን ራሷ ዘፋኟ መዝፈን አቅቷት እንደነበር ነው።

እህቴ ሁለት ልጆች አሏት። ታላቁ ወንድ ነው፣ ጊታር ይጫወታል። ታናሿ ትዘፍናለች። ሁለቱ ተያይዘው የሮክ ባንድ አቋቋሙ። እኔ ሮክ የሚሉትን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ጎረቤት ቤት ጣሪያ የተናደ መስሎኝ እየሮጥኩ ወጥቻለሁ። ድራም የሚመታውን «መዶሻ» እንለዋለን፤ እጁ አርፎ አያውቅም፣ ምግብ ሲቀርብለት እንኳ ሳህኑን በማንኪያ ሳይደልቅ አይጎርስም። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ደግሞ «ጭጩ» ነው። ከአንድ ከተማ እስከ ሌላው ድረስ አንድ ቃል ከተነፈሰ ያን ቀን ብዙ አወራ ማለት ነው።

አዲሱ አልበም ወጣና እሱን ለማስተዋወቅ ከተማ ለከተማ እየዞሩ ኮንሰርት እንዲያቀርቡ ተወሰነ። እህቴ «ልጆቼን ለማላውቀው ሹፌር አልሰጥም» ብላ ድርቅ አለች። እኔም ዕድሜዬን በሙሉ መሪ ጨብጬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጡረታ ወጥቼ ቤት መዋሉ አላስችል ብሎኝ ነበርና ሚኒባሷን አስነሳሁ። ከኋላ ስፒከሩና ድራሙ፣ ከመሐል ልጆቹ፣ ከፊት እኔ።

መጀመሪያ ሰሞን ጨዋታና ሳቅ ነበር። ትንሽ እንደቆየን ግን መኪናው ውስጥ አንድ የማላውቀው ነገር አብሮን መጓዝ ጀመረ። ልጅቷ መቀመጫ ትቀያይራለች። መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። «አጎቴ፣ አቁምልኝ» ትልና ትወርዳለች፤ መንገዱ ዳር ጥቂት ወዲያ ወዲህ ብላ ምንም ሳታደርግ ተመልሳ ትገባለች። አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ሻርፕ ፈትታ ሳትጨርስ መልሳ ትጠመጥመዋለች። ወንድሟ ደግሞ እሷ ዞር ባለች ቁጥር በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ውጭ ደግሞ ምንም የለም፣ ሜዳ ነው። መዶሻ የመቀመጫዬን ጀርባ ይደልቃል።

«አንተ ልጅ፣ የኔ ወገብ ከበሮ ነው እንዴ?» እለዋለሁ።

«ጋሼ ሙት፣ ጥሩ ድምፅ አለው። አልበሙ ላይ ሳናስገባው መቅረታችን ነው የሚቆጨኝ!»

እኔም ብሆን ተረጋግቼ አልነዳሁም። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነዳጅ የምረግጠው እግሬ ይበላኝ ነበር።

ነገሩ የአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን ነው። ሕዝቡ ለሱ ነው የሚመጣው። ወደ መጨረሻው ላይ ድምፅ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ አለ፤ ሰው ሁሉ እጁን አንስቶ አብሮ የሚጮህበት። ልጅቷ እዚያ ስትደርስ ጉሮሮዋ ይያዛል። መጀመሪያ በሄድንበት ከተማ ጥርሷን ነክሳ አለፈችው። በሚቀጥለው ማይኩን ወደ ሕዝቡ አዞረችና «እናንተ!» አለች፤ ሕዝቡ ጨዋታ መስሎት አበደ። ከዚያ በኋላ በነበረው ግን ድምጿ መሐል ላይ ተሰነጠቀ። እኔ ከመድረኩ ጎን ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር። ከፊት የቆሙ ሴቶች ልጆች ተያዩና አንዷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሷም አየቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ማር በሙቅ ውሃ ነው፣ ዝንጅብል ነው፣ ሐኪም ቤት ነው። ሐኪሙ «ጉሮሮሽ ደክሟል እንጂ ሌላ አላይም» አላት። እሷ አላመነችውም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ኮንሰርት የምናቀርብበት አዳራሽ ጓሮ ደረስን። ልጆቹ ዕቃ ሲያወርዱ እኔ ቁጢጥ ብዬ የኋላ ጎማ አያለሁ። ልጅቷ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አጎቴ።»

«ወዬ፣ የኔ ልጅ።»

«ዛሬ ያን ቦታ በድምፄ ካልደረስኩበት፣ የመጨረሻዬ ነው። መዝፈን አቆማለሁ። ለቀሩት ከተሞች ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ድምፄ አለቀ። እኔው የዘፈንኩትን ዘፈን እኔው አቃተኝ እኮ! አልበሙን ስሰማው ሌላ ሴት ናት የምትመስለኝ። እቀናባታለሁ፣ ታምነኛለህ? አርጅቻለሁ አጎቴ።»

«አንቺ ካረጀሽ እኔማ ተቀብሬያለሁ ማለት ነው!»

ላስቃት ነበር። አልሳቀችም። እንባዋን በሻርፗ ጠርጋ ወደ አዳራሹ ገባች። አንጀቴን በላችው።

ቁጢጥ ብዬ ስለነበር በመኪናው ሥር ወዲያ ማዶ ይታየኛል። አንድ ጥንድ ጫማ ቆሟል። ማሰሪያው የተፈታ፣ የማውቀው ጫማ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። በኋላ መኪናውን ዞሮ ወንድምየው ብቅ አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሰማሁ» አለኝ።

«ጫማህን አይቼዋለሁ።»

የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ተነሳ። እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ።

«አጎቴ፣ ድምጿ አላለቀም። ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ?»

«እኔ ነኝ። እማዬ እግሯን የተሰበረች ጊዜ እሷ ልታስታምም ወደ ቤት ሄደች አይደል? አልበሙን የምንጨርሰው ያኔ ነበር። ዘፈኑን ስሰማው የተጎተተ መሰለኝና ለስቱዲዮው ሰው ‘ትንሽ አፍጥነው’ አልኩት። ድሮ ካሴት ማጫወቻ ሲፈጥን ዘፋኙ እንደ ሕፃን ድምፁ ይቀጥን የለ? እንደዚያ ነው። ትንሽ ብቻ፣ ሰው በማያውቀው። ግን ያቺ ትንሽ ድምጿን ወደ ላይ ገፋችው።»

«እሺ፣ መድረክ ላይ ስትጫወቱስ? መድረክ ላይ ማን ያፈጥነዋል?»

«እኛው! ሰው የሚያውቀው አልበሙን ነው ብዬ ጊታሬን ከአልበሙ ጋር እንዲገጥም ክሩን ወጠርኩት፤ ጭጩንም አስወጠርኩት። መዶሻም ፍጥነቱን ከአልበሙ አጠና። የራሳችንን ዘፈን እንደ ሰው ዘፈን ከአልበም ነው የተማርነው። እሷ ያን ከፍታ በሕይወቷ ዘፍናው አታውቅም፤ ስቱዲዮ ውስጥም አልዘፈነችውም።»

ጎማዬን ረሳሁት።

«ለምን አልነገርካትም?»

«መጀመሪያ ስትሰማው ‘ውይ፣ የኔ ድምፅ ነው? ልጅ ሆንኩ እኮ!’ ብላ ሳቀች። ደስ ሲላት ጊዜ ዋጥኩት። ከዚያ ዘፈኑ ገነነ፣ ሰው ሁሉ ድምጿን አደነቀ። በየትኛው አፌ ልናገር?»

«እሷ ማር ስትልስ፣ ሐኪም ቤት ስትመላለስ ቁጭ ብለህ አየሃት!»

«ቁጭማ አላልኩም፣ አጎቴ። መቀመጥ ከተሳነኝ ሰነበተ።»

እውነቱን ነው፣ ይህን ሲለኝም እየዞረ ነበር።

«ግባና ራስህ ንገራት» አልኩት። «ከኔ አፍ ከሰማች ሁለተኛ አታምንህም።»

ገባ። እኔም ገመድ የሚፈልግ ሰው መስዬ ተከተልኩት። መድረኩ ላይ የድምፅ ሙከራ ተጀምሯል። ልጁ እህቱ ፊት ቆመና እንደፈራ ተማሪ ሁሉንም አንድ ባንድ ዘረገፈው። እሷ እጅ ላይ ያለው ማይክ ክፍት መሆኑን ማናችንም ልብ አላልንም። «እኔ ነኝ ያስፈጠንኩት፣ ይቅር በይኝ» የሚለው በየስፒከሩ አዳራሹን ሞላው። ወንበር የሚደረድሩት ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው ቀና አሉ። አንዷ መጥረጊያዋን ተደግፋ «ውይ በሞትኩት!» ስትል ሰማኋት።

ልጅቷ ሻርፗን ፈታችና ድራሙ ላይ ጣለችው።

«ክሩን አላላው።»

አላላው።

«ጨምር። ስቱዲዮ እንደነበረው።»

ያለ ድራም፣ በአንድ ጊታር ብቻ ያን ቦታ ዘፈነችው። ወጣላት ልጆቼ። ያለ ምንም ትግል፣ ሰው ስም እንደሚጠራ። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ጠቆረ።

«ስንት ጊዜ መስታወት ፊት ቆሜ፣ አፌን ከፍቼ የገዛ ጉሮሮዬን እንደረገምኩት ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አታውቅማ! አንተ ከኋላዬ ቆመህ ክር ትወጥራለህ።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ቀስ ብሎ ግን አንድ ነገር አለ፦ «ሰዉ የሚጠብቀው የአልበሙን ነው። ዝቅ አድርገን፣ ዝግ ብለን ብንጫወተው ይጮሁብሻል። ዛሬ ይሄን ዘፈን እንዝለለው፤ ለራስሽ ብዬ ነው።»

«ለራሴ ብለህ ያደረግከው ይበቃኛል። እዘፍነዋለሁ። በገዛ ድምፄ።»

«እኔስ?» አለ መዶሻ። «እጄ ፍጥነቱን ለምዶታል፣ ምን አባቴ ላድርገው?»

«የአጎቴን ወገብ እንደምትደበድበው ሳይሆን እንደ ሰው ምታ።»

ይሄኔ ከጥጉ በኩል «እኔ ድሮም የበፊቱን ነው የምወደው» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም ዞርን። ጭጩ ነበር። መዶሻ ደንግጦ ዱላው ከእጁ ወደቀ።

ኮንሰርቱ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀመረ፤ በአዳራሹ ከፍ ያሉ መስኮቶች ብርሃን ይገባል፣ የሰዉ ፊት ሁሉ ይታያል። ዘፈኑ ሲደርስ እኔ ከመድረኩ ጎን ቆሜ ቀልቤ ተገፏል። ሕዝቡ ገና ከመጀመሪያው ስንኝ አብሮ ገባ፤ ግን አልበሙን በቃሉ ሸምድዶታልና ጥሏት ሮጠ። እሷ ስንኙ መሐል ላይ ሳለች እነሱ ጨርሰው ቆመዋል። ከኋላ አንዱ «ባትሪው አለቀ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወንድሟ ላብ አጠመቀው፤ እጁ ፍጥነት ሊጨምር ሲል አየሁት። እሷም አየችው። በዓይኗ ብቻ ያዘችው፣ ባለበት ቀረ።

አልቸኮለችም። እነሱ ሮጠው ይቆማሉ፣ እሷ ትደርስባቸዋለች፤ እንደገና ይሮጣሉ፣ ይቆማሉ። መሮጡ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ ግማሾቹ ዝግ አሉ። ሌሎቹ መዝፈኑን ተዉትና ያዳምጡ ጀመር። ያቺ ቦታ ስትደርስ እጁን ያነሳ ሰው ጥቂት ነው። ድምጿ እንደ አልበሙ ቀጥኖ ወደ ላይ አልወጣም፤ ይልቅ ሰፋ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰፋ። ከፊት የነበረች አንዲት ሴት ዓይኗን ጨፈነች።

ሁሉም ወደደው ብዬ አልዋሻችሁም። ዕቃ ስጭን አንድ ጎረምሳ «አልበሙ ይሻላል» እያለ በአጠገቤ አለፈ። ልጅቷ ስፒከር ላይ ተቀምጣ ውሃ እየጠጣች ነበር፤ ሰምታዋለች።

«ይሻለው!» አለችና ተነሳች። «አጎቴ፣ የሚቀጥለው ከተማ ሩቅ ነው?»

«የግማሽ ቀን መንገድ ነው።»

«እንግዲያው ቶሎ ጫኑ፣ ነገ በጊዜ እንነሳለን። እዚያም እንዲሁ ነው የምዘፍነው።»

ወንድሟ ጊታሩን አቅፎ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል፣ መጠጋቱን ፈርቶ። አጠገቡ ስትደርስ ፊቱን ሳታይ «ያን ክር ብትነካ እጅህን ነው የምሰብረው» አለችው። ከዚህ ሌላ ምንም አልተናገረችውም። በማግስቱ መንገዱን ሁሉ ከፊት፣ እኔ ጎን ነበር የተቀመጠችው። እሱ ከኋላ ሆኖ «እማዬ ደወለች፣ ሰላም ብላችኋለች» ብሎ ሞከረ፤ «ለኔም ደውላልኛለች» አለችው። ያው መልስ ነው፤ እሱም እንደ መልስ ቆጥሮት ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከስንት ቀን በኋላ ተቀመጠ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የሚሸጠው አልበም አሁንም የፈጠነው ነው፤ በየመንገዱ የሚጮኸውም እሱ ነው። ስትሰሙት ጨፍሩ፣ እኔም በጣቴ መሪውን መታ መታ አደርጋለሁ። ብቻ ከዚያ ድምፅ ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽም ዝግ ብላ የምትዘፍን ሴት እንዳለች፣ እውነተኛዋም እሷ እንደሆነች አትርሱብኝ። አደራ።